ለመምህራኑ ኑ

የእህቴ ልጅ፣ አንቺና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞችሽ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ልታግዙ በሐምሌ እንመጣለን ያላችሁት ነገር ከሁሉ በፊት ይስተካከል። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ የዕረፍት ጊዜያችሁ ነው፤ እዚህ ደግሞ ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። የዓመቱ ፈተና በሰኔ ያልቃል፣ ካርድ ይሰጣል፣ አዳሪዎቹ ልጆች ሣጥናቸውን ይዘው ከሚወስዳቸው ዘመድ ጋር ወደየገጠራቸው ይበተናሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በረራችሁ፣ ከዚያም በመኪና ተንገላታችሁ ብትደርሱ የምታገኙት ዘበኛውን ብቻ ነው።

የዩኒቨርሲቲያችሁ ትምህርት በሜይ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ግን ጊዜው ይገጥማል። ያ የእኛ ግንቦት ነው፤ ክፍሎቹ ሙሉ ናቸው፣ መንገዱም ገና አልጨቀየም። መምህራኑ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ፈተና ልጆቹን የሚያዘጋጁበት፣ የሰው እጅ በጣም የሚያስፈልጋቸው ወቅት ነው። በግንቦት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያዙ። ሰኔ ከገባ በኋላ ፈተና ነው፤ እንግዳ ሸክም ይሆናል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር መሆኑን ታውቂያለሽ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከፊንላንድና ከኮሪያ የመጡ ወጣቶችን ተቀብዬ ሸኝቻለሁ። በክፉ ልብ የመጣ አንድም አላየሁም። ሁሉም ደክመው፣ ገንዘብ ለምነው፣ ዕረፍታቸውን ትተው ነው የመጡት። ሆኖም የአንዳንዶቹ ሥራ ዛሬም ድረስ ክፍል ውስጥ አገልግሎት ይሰጣል፤ የሌሎቹ ግን መኪናቸው ከግቢ ሲወጣ አብሮ ወጣ። ይህን ልዩነት ያመጣው ምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። የሚለያቸው ለማን ብለው እንደመጡ ነው። ከልጆቹ ጋር ሊጫወቱ፣ ልጆቹን ሊያስደስቱ የመጡት ልጆቹን በእርግጥም አስደሰቱ፤ በዚያው አለቀ። መምህሯን ሊያግዙ የመጡት ግን እሷ ባለችበት ዘመን ሁሉ ልጆቹን ይጠቅማሉ። ስለዚህ ለአንቺም ለጓደኞችሽም የምለው ይህንኑ ነው፤ ለመምህራኑ ኑ።

ነገሩ ለወጣት ልብ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በር ላይ ስትደርሱ ተሯሩጠው የሚቀበሏችሁ ልጆቹ ናቸው። እጃችሁን ይይዛሉ፣ ፀጉራችሁን ይነካሉ፣ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችሁን አይተው የምልክት ስም ያወጡላችኋል። አንዱን በመነጽሩ፣ አንዷን በጉንጯ ስርጉድ፣ ሌላውን በአረማመዱ ይጠሩታል። ይህ ስም የወጣለት ሰው የእነሱ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ እንደ ቀልድ አትዩት። በሁለተኛው ሳምንት እናንተ ስትሄዱ ያ ስም እዚያው ይቀራል። መምህሯ በሚቀጥሉት ወራት «ስርጉዷ የታለች? መቼ ትመጣለች?» የሚሉ እጆችን ስታስተናግድ ትከርማለች። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ እንግዶቿ ከሄዱ በኋላ ብዙ ቀን ከሰልፍ እየወጣች ወደ አጥሩ ትሮጥ እንደነበረ አስታውሳለሁ። እነዚያ እንግዶች በየቀኑ አቅፈዋት፣ ስማቸውን አስተምረዋት፣ «እንመለሳለን» ብለዋት ነበር። እነሱ በደግነት የተናገሩትን እሷ እንደ ቃል ኪዳን ነው የያዘችው። ከቤተሰቧ ርቃ በአዳሪ ቤት የምትኖር ልጅ የመለያየት ልምድ ሞልቷታል፤ በየዓመቱ አዲስ የምንጨምርላት ምክንያት የለም።

ይህን ስል አትቀፏቸው፣ አትጫወቱ እያልኩ አይደለም። በዕረፍት ሰዓት ኳስ ምቱ፣ ገመድ ዝለሉ፣ ሳቁ። ግን አንድን ልጅ ለይታችሁ «የኔ» አታድርጉ፤ ከረሜላና ስጦታም በእጃችሁ አታድሉ። የሚሰጥ ነገር ካለ ለመምህሯ ይሰጥና እሷ በጊዜው ትስጥ። ሞገሱ ለእሷ ይሁን፤ ነገ ልጆቹ ሊታዘዙላት የሚገባት እሷ ናት። ስለ መመለስ ጨርሶ ቃል አትግቡ። የምትሄዱበትን ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀን መቁጠሪያ ላይ አሳዩአቸው። ምልክት ለሚያውቅ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ የሚጎዳቸው ሳይነገራቸው መሄድ ነው።

አሁን መምህሯ ምን እንደምትሠራ ልንገርሽ፤ ይህን ካላወቃችሁ ልታግዟት አትችሉም። በአገራችን ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩት ለብቻው በተሠራ ትምህርት ቤት አይደለም፤ በመደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በተከፈተ ልዩ ክፍል ነው። በአንዲት ክፍል ውስጥ የሰባት ዓመት ሕፃንና ጢሙ ያቆጠቆጠ ጎረምሳ አብረው የተቀመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ጎረምሳው ዘግይቶ የመጣው ወላጆቹ ትምህርት ቤት መኖሩን ስላላወቁ ነው፤ ወይም ደብቀውት ስለኖሩ ነው። አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ የማይሰማ ነው፤ አንዳንዱ ማጅራት ገትር ይዞት ከዳነ በኋላ ጆሮውን ያጣ ነው፤ ሌላው በጆሮ መግል ሳይታከም የቆየ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ንግግር ሰምቶ ያደገውና ከናካቴው ያልሰማው ልጅ የሚማሩበት መንገድ ይለያያል። መምህሯ ግን አንድ ሰሌዳና አንድ የክፍለ ጊዜ ደወል ነው ያላት፤ ደወሉንም የምትሰማው እሷ ብቻ ናት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጀመሪያው ነው። ብዙዎቹ የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እናትየው ምልክት አታውቅም፣ አባትየውም አያውቅም። በእጅ እያሳዩ «ብላ»፣ «ና»፣ «ውኃ ቅዳ» ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ንግግር የለም። ስምንት ዓመት ሆኖት ትምህርት ቤት የደረሰ፣ ነገር ግን ለራሱ ስም እንዳለው የማያውቅ ልጅ በእጄ ተቀብያለሁ። ትናንትና ነገ የሚባል ነገር ሊነገር እንደሚችል አያውቅም። የሞተችው አያቱ የት እንደሄደች ማንም ነግሮት አያውቅም፤ መጠየቅም አይችልም። እንዲህ ያለው ልጅ ከጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ጥያቄ በእጁ ሲጠይቅ መምህሯ የምታገኘው ደስታ ምን እንደሆነ ልገልጽልሽ አልችልም። ለዚያ ደስታ ብዬ ነው ዕድሜዬን እዚያ የፈጀሁት። ይህን የሚያደርገው የዓመታት ሥራ ነው፤ ሁለት ሳምንት አይበቃውም። እናንተ ለዚህ ሥራ ማቀበል ትችላላችሁ እንጂ ልትተኩት አትችሉም።

ማቀበል ስል እንዲህ ነው። መምህሯ በሥዕል ነው የምታስተምረው። «ወንዝ» ለማለት የወንዝ ሥዕል፣ «ገበያ» ለማለት የገበያ ሥዕል ያስፈልጋታል። መማሪያ መጽሐፉ የተጻፈው ለሚሰማ ልጅ ነውና አንዱን ምዕራፍ ለማስረዳት ሌሊት ቁጭ ብላ ካርቶን ትቆርጣለች። እሷ እየነገረቻችሁ የአንድ ሙሉ ዓመት የሥዕል ካርድ ቆርጣችሁ፣ ለጥፋችሁ፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ በየምዕራፉ በሣጥን ብታስቀምጡላት እንቅልፏን መለሳችሁላት ማለት ነው። ሥዕሎቹ የአገሩ ይሁኑ። የሜሪላንድ ጎተራና ቀይ ትራክተር ለዚያ ልጅ ምንም አይነግረውም፤ ጤፍ የሚወቃበትን አውድማ ፎቶ አንሱለት።

ሁለተኛው ቪዲዮ ነው። መስማት የተሳናቸው መምህራን የሒሳቡንና የሳይንሱን ትምህርት በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሲያስረዱ ቅረጹ። ብርሃን አስተካክሉ፣ ካሜራ ያዙ፣ አርትዑ፣ በፍላሽ ጭናችሁ ለየክፍሉ ስጡ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ ጭናችሁ አትሂዱ፤ ኔትወርክ የማይደርስበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ከታችኞቹ ክፍሎች ወጥተው መደበኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች አስተርጓሚ ሳይኖራቸው ከሰሌዳ እየገለበጡ ነው የሚውሉት፤ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ለእነሱ ማታ ማታ መምህር ይሆናቸዋል። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አብረውሽ ካሉ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅላቸውም።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል። መምህሯ ለሦስተኛ ክፍሎቹ አዲስ ትምህርት ስትሰጥ አንደኛ ክፍሎቹ ባዶ ይቀመጣሉ። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ እሷ የሰጠችውን መልመጃ አሠሩ። ከእሷ ትእዛዝ አትውጡ፤ ሌላ ዘዴ አውቃለሁ የሚል ቢኖር ማታ ለእሷ ይንገራት እንጂ ልጆቹ ላይ አይሞክር። የዴስኮቹን አቀማመጥም ልብ በሉ፤ ልጆቹ ሁሉ እርስ በርስ እንዲተያዩ በግማሽ ክብ ነው የሚቀመጡት። «ሥርዓት እናስይዝ» ብሎ በረድፍ የደረደራቸው ቡድን ነበረ፤ የኋላዎቹ የጓደኞቻቸውን መልስ ማየት አቃታቸው።

ግድግዳ ለመቀባት አስባችሁ ከሆነ ተዉት። በከተማው ቀለም ቀቢ አለ፤ ልጆች ያሉት፣ ሥራ የሚፈልግ። ገንዘቡን ስጡት፣ እሱ ይቅባው። የአንዳችሁ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ የአንዲት መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ መሆኑን አስቡ። ያን ያህል ከፍላችሁ ስትመጡ ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ብትሠሩ ነው የሚያምረው።

ስለ ቋንቋ ልመለስ። የምልክት ቋንቋ ትምህርት ጀምረናል ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። እናንተ የምትኖሩት ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተ፣ መስማት ለተሳናቸው የቆመ ከፍተኛ ትምህርት ቤት። ይህን የመሰለ ጎረቤት ያለው ሰው ባዶ እጁን መምጣት የለበትም። ግን የአሜሪካውን ምልክት ተምራችሁ ስትመጡ ልጆቹን «እናርማችሁ» እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጀመሪያዎቹን መስማት ለተሳናቸው የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች የከፈቱት የውጭ ሚስዮናውያን ናቸው፤ አሜሪካውያኑ ይዘው የመጡት የእነሱን ምልክት ስለነበረ ዛሬም ብዙ ምልክት ታውቂያለሽ፣ ትግባቢያለሽ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ልጆቹና አዋቂዎቹ የራሳቸውን ቋንቋ ሠርተዋል። ስለ እንጀራ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ዕድር የሚነጋገሩበት ምልክት ከዋሽንግተን አልመጣም። የጣት ፊደሉም የራሳችን ነው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያሳያል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ግዕዙን፣ ካዕቡን፣ ሣልሱን እስከ ሳብዑ ይለያል። «ለ»ን ያወቀ ልጅ እጁን በማንቀሳቀስ ብቻ «ሉ፣ ሊ፣ ላ» ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። በእናንተ አካባቢ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያንም አሉና ከመምጣታችሁ በፊት ፈልጋችሁ ለጥቂት ወራት ቢያስተምሯችሁ፣ ለድካማቸውም ብትከፍሏቸው መልካም ነው። የጣት ፊደሉን ብቻ እንኳ አጥንታችሁ ብትመጡ ልጆቹ ፊታቸው ይበራል።

ጥቂት ሥነ ሥርዓትም አለ። ልጁን ለመጥራት ትከሻውን በቀስታ ነካ አድርጉ፣ ወይም እጃችሁን አወዛውዙ፤ ከኋላ አትጎትቱት። ስትናገሩ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይሁን እንጂ መስኮቱን ወደኋላ አድርጋችሁ አትቁሙ። አስተርጓሚ ሲኖር የምታዩት ልጁን ነው፣ አስተርጓሚውን አይደለም። ይህን በተለይ ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፦ ልጆቹ ባሉበት እርስ በርሳችሁ በአፍ ብቻ አታውሩ፣ አትሳሳቁ። የማይሰማ ልጅ ሰዎች ሲስቁ ሲያይ ስለ እሱ የሚስቁ ይመስለዋል፤ ቤቱ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የደረሰበት ይኸው ነውና። የተሰበረ ምልክትም ቢሆን በእጃችሁ ተነጋገሩ።

ወደ ዕቃው ልምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአንድ ሰው ሁለት ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሁላችሁም «ምን እናምጣ?» ትላላችሁ። ዳይሬክተሯን ብትጠይቋት «ሁሉም ያስፈልገናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ትላችኋለች። ይሉኝታ ይይዛታል፤ ከውጭ የመጣን ስጦታ እምቢ ማለት ነውር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ተብሎ የመጣ ብዙ ዕቃ በመጋዘን ተቆልፎ አይቻለሁ። ጥያቄው ለክፍል መምህሯ፣ ለአዳሪ ቤቱ ሞግዚትና ለትልልቆቹ ልጆች ይቅረብ፤ «ባለፈው ሳምንት ምን አጥተሽ ተቸገርሽ?» ተብሎ በቁርጥ ይጠየቅ። እውነተኛውን መልስ የምታገኙት እንዲህ ነው።

የመስሚያ መሣሪያ ሰብስባችሁ ልታመጡ እንዳሰባችሁ ጽፈሽልኛል። አሳቡ መልካም ቢሆንም ብቻውን አይረዳም። መሣሪያው የልጁ የመስማት መጠን ተለክቶ በባለሙያ መስተካከል አለበት፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍልም በልጁ ጆሮ ልክ ይቀረጻል፣ ልጁ ሲያድግ ደግሞ እንደገና ይቀረጻል። ባትሪው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልቃል፤ ማኅተሙ ከተነሳ ባይጠቀሙበትም ይደክማል። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ባትሪውን ማን ይገዛል? የት ይገኛል? በጣም ጥልቅ የሆነ የመስማት ችግር ያለበትን ልጅ ደግሞ መሣሪያው ንግግር አያሰማውም፤ ጩኸት ብቻ ያሰማዋል። ከአዲስ አበባ የጆሮ ባለሙያ ጋር ተስማምታችሁ ምርመራውን፣ ቅርጹንና የዓመታት ባትሪውን የምትሸፍኑ ከሆነ ለሦስት ልጆች ብትሠሩ ሠላሳ መሣሪያ በካርቶን ከማምጣት ይበልጣል።

ተሽከርካሪ ወንበርም እንደዚያው ነው። በግቢው ውስጥ እግራቸው የማይሠራ ልጆችም አሉ። የሆስፒታል ወንበር የሚሠራው ለልስልስ ወለል ነው፤ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች በጠጠርና በጭቃ ላይ ይቆማሉ። ለትልቅ ሰው የተሠራ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሕፃን ወደ ጎን እየተንሸራተተ አከርካሪው ይጣመማል። ሰውነቱ ሕመም የማይሰማው ከሆነ ደግሞ ይቆስላል፤ ያ ቁስል ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። መናገሻ ያለው ቼሻየር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ልጆችን በመርዳት ሥራ ላይ የኖረ ነው። ገንዘባችሁን እንደዚህ ላለ ድርጅት ሰጥታችሁ ለልጁ ወንበሩ በልኩ እንዲሠራለት፣ ሲሰበርም እዚሁ እንዲጠገንለት አድርጉ። በሻንጣችሁ ግን ነጭ ሰሌዳና ማርከር፣ መቀስ፣ የፕላስቲክ መሸፈኛውን ማሽን ከወረቀቶቹ ጋር፣ ፍላሾችና አንድ ጠንካራ ፕሮጀክተር አምጡ። ለትልልቆቹ ሴት ልጆች የሚታጠብ የወር አበባ መጠበቂያ ጨምሩ፤ ይህን ማንም ወንድ እንግዳ አይጠይቅም፣ ልጆቹም አይናገሩም፣ በእሱ ምክንያት ግን ከትምህርት ይቀራሉ።

ፎቶ ላይ በጣም ጥብቅ ነኝ። ልጁን ደብቆት የኖረ ቤተሰብ ሁሉን ተቋቁሞ ወደ ትምህርት ቤት አምጥቶታል። ያ ልጅ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ፣ አፍንጫው ሳይጠረግ፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ሲወጣ እናትየው በመንደሯ ምን እንደሚደርስባት እናንተ አታዩትም። የከተማው ሰው ስልክ አለውና ያያል፤ ለእሷም ያሳያታል። የወላጅ ፈቃድ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ተነብቦላቸው ካልተሰጠ የአንድም ልጅ ፊት አይወጣ። ፈቃድ ተገኝቶም ቢሆን ልጁን ጠይቁት፤ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሆን ሥዕል ካስፈለጋችሁ መምህሯን በሥራዋ ላይ፣ የተሠሩትን ካርዶች፣ የተጠገነውን ክፍል አንሱ። ሰው የሚለግሰው ስላዘነ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሥራ ሲያይም ይለግሳል።

ከልጆቹ ሌላ አዋቂዎቹን አግኙ። እንግዶች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘነጋሉ፤ አካል ጉዳት ማለት ሕፃን ብቻ ይመስላቸዋል። በከተማው ውስጥ መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ባለትዳር፣ የልጆች እናት አሉ። ማኅበር አላቸው፣ ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ። ከመጀመሪያው ሳምንት አንድ ምሽት ቡና ጋብዟቸውና ዕቅዳችሁን አሳዩአቸው። «ይህ አይረባም» ካሉ ስሙአቸው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያደጉት እነሱ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ሲረቀቅ አካል ጉዳተኞች በዓለም ዙሪያ የጮኹት ስለ እኛ ያለ እኛ አይወሰን እያሉ ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ጓደኞችሽ ይወቋቸው። በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ጓደኞችሽ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ሲያዩ የነገን ጠበቃ፣ የነገን መምህር እያዩ እንደሆነ ይሰማቸው ዘንድ ነው ይህን የምነግርሽ። አንድን ልጅ ነገ ጠበቃ ይሆናል ብሎ የሚያየው ሰው ሲያናግረው ድምፁም፣ እጁም፣ ትዕግሥቱም ይለያል።

አሁን በጣም ወደምወደው አሳብ ልምጣ፤ ከቻላችሁ ይህን ሥሩ። ልጆቹ በክረምት ወደ ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ዝምታ ነው። አሥር ወር ሙሉ ሲያወሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲቀልዱ ከርመው ሁለት ወር የሚያናግራቸው አያገኙም። ቤተሰቡ ይወዳቸዋል፤ ግን በራቱ ዙሪያ ሁሉም ሲያወራ እነሱ ምግባቸውን ብቻ ይበላሉ። በመስከረም ሲመለሱ አንዳንዶቹ የተማሩትን ረስተው፣ ተቆጥተው ነው የምናገኛቸው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እናትና አባት፣ ካልሆነም ታላቅ እህት፣ ምልክት ይማሩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ለጥቂት ቀናት ጠርተው ማስተማር ይፈልጋሉ። የሚያግዳቸው የመኪና ኪራይ፣ የምሳና የመኝታ ገንዘብ ነው። ገበሬው ሥራ ፈቶ፣ እናቲቱ ሕፃን አዝላ ስትመጣ ያን ሕፃን የሚይዝላትም ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ባላችሁበት በግንቦት፣ እርሻው ሳይጠነክር፣ የሦስት ቀን የወላጆች ትምህርት ቢዘጋጅ፣ የመጓጓዣውን ገንዘብ ብትሸፍኑ፣ ሕፃናቱን ብትይዙ፣ ምሳ ብታቀርቡ፣ የሚያስተምሩት ደግሞ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ቢሆኑ፣ በዚያው ክረምት በብዙ ቤት ውስጥ ራት ላይ ንግግር ይኖራል። አንድ አባት በሁለተኛው ቀን የልጁን የምልክት ስም ተምሮ፣ ልጁን ከግቢው ማዶ በዚያ ስም ሲጠራው አይቻለሁ። ልጁ ዞር ብሎ አባቱ መሆኑን ሲያይ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ሮጠ።

ለአንቺ ለብቻሽ የምለው አለ። ከቡድኑ አማርኛ የምትችዪው አንቺ ስለሆንሽ ሁሉም በአንቺ በኩል ያልፋል። ይከብድሻል፤ ዘመዱም በአንድ በኩል ነይ ግቢ፣ ነይ ብዪ ይልሻል። የዘመድ ጥየቃውን ከሥራው በኋላ ላሉት ቀናት አድርጊው፤ እኔም አልቀየምሽም፣ ለሌሎቹ እኔ እነግርልሻለሁ። መምህራኑ እንግዳው ፊት የማይሉትን ለአንቺ ይሉሻል። «ልጆቹ አምሽተው ስለሚተኙ ጠዋት ያንቀላፋሉ» ቢሉሽ ለጓደኞችሽ አለስልሰሽ አትንገሪያቸው፤ እንዳለ ንገሪያቸውና የማታው ጨዋታ ይቅር። የጓደኞችሽንም ጥያቄ ለመምህራኑ ስታደርሺ «እርስዎ» እያልሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ በመጀመሪያ ጤንነታቸውን ጠይቀሽ ይሁን። ዕድሜሽ ትንሽ ነው፤ እነሱ ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው።

ከአሜሪካ ተመልሰው ይህን የመሰለ ሥራ የያዙ ሰው እንደነበሩም ልታውቂ ይገባል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ሲለምኑ፣ ሲያስተምሩ ኖሩ። አንቺ እንደእሳቸው ኑሮሽን ትተሽ ነይ አልልሽም፤ ትምህርትሽን ጨርሺ። ነገር ግን ቡድናችሁ ሁለተኛ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ አገር እያለ በየዓመቱ አዲስ ቦታ ከሚፈልግ፣ አንዱን ትምህርት ቤት ይዞ ቢቆይ ይሻላል። እናንተ ስትመረቁ ለሚከተሏችሁ ተማሪዎች አስረክቡ፤ የመምህሯን ስም፣ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ በጽሑፍ ይተላለፍ። በዓመቱ መካከል በስልክ ጠይቋት። «ካርዶቹ እንዴት ሆኑ? የትኛው አልጠቀመሽም?» በሉአት። መልሷን ተከትላችሁ የሚቀጥለውን ሥሩ።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። አንቺው በአማርኛ ጻፊው። ስንት እንደሆናችሁ፣ ምን ሙያ እንዳላችሁ፣ ከየትኛው ቀን እስከየትኛው ቀን እንደምትቆዩ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንዳላችሁ በግልጽ አስቀምጪ። ማደሪያና ምግብ ራሳችሁ እንደምትችሉ ጻፊ፤ አለበለዚያ ለእናንተ ብለው ዶሮ ያርዳሉ፣ በዱቤም ይገዛሉ። እንድትመጡ ካልፈለጉ ገንዘቡን ብቻ ለወላጆች ትምህርት ልትልኩላቸው ፈቃደኛ መሆናችሁን በዚያው ደብዳቤ አስገቢበት፤ እንዲህ ከተጻፈላቸው ያለ ይሉኝታ ይመልሳሉ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላልና ግልባጩን ለእኔ ላኪልኝ፤ እኔ ይዤ እሄዳለሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ዕቃ አትግዙ፤ የጣት ፊደሉን አጥኑ።